አንድ ለሃያ

በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ሐሙስ፣ ከአሞራ ገደል ቀጥ ብሎ
ይመጣል፣ የዓሣ ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፤
የቆሮሶ ቅርፊት ክንዱ ላይ እንደ ሳንቲም ተለጥፎ፣
«ታጥቤያለሁ እኮ» ይለኛል፣ ገና ከደጅ ተሰልፎ።

ላሚሶ ዱካሞ። ክብደት፣ ስልሳ አንድ።
ትኩሳቱ የጀመረው፣ ሐምሌ ዘጠኝ።
«አብሮ የታመመ ሰው?» የሚለው መስመር ላይ
እስክሪብቶዬ ቆመ።
«ሚስቴ» አለ። «አርፋሴ።»
ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሣጥን ባዶውን ተውኩት፤
እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት።

ማሽኑ ይዞራል።
ደሙን ተቀብሎ ለሁለት ይከፍላል፤
ቀዩን ይመልሳል ለባለንብረቱ፣
ቢጫው ከረጢት ውስጥ ይቀራል፣ ሳይታወቅ ቤቱ።

«ሐሞት ይመስላል» አለ ላሚሶ፣ ከረጢቱን አይቶ፤
ዕድሜ ልኩን ሐሞት ከዓሣ ሆድ አውጥቶ፣
ሳይፈነዳ፣ ሥጋው ሳይመር፣ በጣቱ ጫፍ ለይቶ።
«ያን ቀን ፈሰሰ ያልኩት ሐሞቴ
ለካ እዚህ ኖሯል፣ እህቴ።»

ማታ ላብራቶሪው ውስጥ ከቢጫው ጋር ብቻዬን እቀራለሁ፤
አንድ ለአርባ፣ አንድ ለሰማንያ፣ አንድ ለመቶ ስልሳ፣ እያቀጠንኩ እቆጥራለሁ።
ጨው ያለው ውኃ እጨምራለሁ፣ ደግሜ፣ ደግሜ፣ እስኪሰፋ፤
ቫይረሱን አንቆ የሚይዘው እጅ፣ የት ላይ ነው ጉልበቱ የሚጠፋ?

የላሚሶ እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ድረስ አለቀቀም።
ዶክተር ሹንኩራ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣
«ይሄ ሰውዬ!» አለ፤ ሌላ ቃል አልፈለገ።

አንዱ ከረጢት አልጋ ሰባት ደረሰ፣ ዘግይቶ።
ያንን አልነገርኩትም።
ሌላው ለአልጋ አሥራ አንድ፣ ለአንድ የለኩ ልጅ፤
በሦስተኛው ቀን ሾርባ ጠየቀ።
ይህንንም አልነገርኩትም፤ ደንቡ አይፈቅድም፤
ብቻ ያን ሐሙስ ሁለት ብስኩት ሰጠሁት፤
አንዱን መለሰልኝ፣ «ጣፋጭ አልወድም።»

የቀረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ተራ ይጠብቃል፤
ከባጃጅ ሾፌሩ፣ ከፋብሪካዋ ልብስ ሰፊ፣
ከአስተማሪው ቢጫ ጋር አንድ ቀን ይቀላቀላል፤
ይጣራል፣ ይጠራል፣
የስንቱ ሰው ሐምሌ በአንዲት ብልቃጥ ይገባል።
መብራት ሲጠፋ ግን፣ ጄኔሬተሩ ጉሮሮውን እስኪጠርግ፣
ሁላችንም ባለንበት እንቆማለን፣ ትንፋሽ እንኳ ሳናደርግ።

ጥቅምት፣ ስድስት መቶ አርባ።
ታኅሣሥ፣ መቶ ስልሳ።
የካቲት፣ ሰማንያ፤ ዶክተር ሹንኩራ መነጽሩን አላወለቀም።
ግንቦት፣ አንድ ለሃያ።
ደገምኩት። ብልቃጥ ቀየርኩ። ሌላ ሰው አስቆጠርኩ።
አንድ ለሃያ።

እንዴት ተብሎ ይነገራል?
«ላሚሶ፣ ከዛሬ በኋላ አትምጣ» አልኩት፣
እንደ ባለዕዳ ጫማዬን እያየሁት።
«ምን አጠፋሁ?»
«ምንም። ደም ይረሳል።
ጠላት ሲርቅ ዘበኛውን ያሰናብታል፤
የሁሉም ሰው እንዲህ ነው።»

ጣሪያው ላይ አንድ አባ ኮዳ ቆርቆሮውን ይረግጣል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ።
ላሚሶ እጅጌውን ወደ ታች መለሰ፣ ቁልፉን ፈለገ፣ አጣው።
«ደሜ ረሳ?»
«ደምህ።»
«እኔ እኮ አልረሳሁም።»

ቢላውን አነሳ። ከበሩ ተመለሰ።
«ያ የመጀመሪያው፣ የነሐሴው፣ አለ?»
«አለ።»
«አሳዪኝ።»

ደንቡ አይፈቅድም።
ከፈትኩለት። ነጭ ጉም እግራችን ላይ ፈሰሰ፣
ከረጢቱ ደርቆ፣ እንደ ሰሌዳ ጠጥሮ፣ ስሙ በእኔ ጽሑፍ፣
ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቀኑም፣ ነሐሴ ሃያ ስምንት፣
አርፋሴ ከሞተች አርባ ቀን ሳይሞላ።

«ይሄኛው ያስታውሳል?»
«ያስታውሳል።»
«በረዶ የሚያቆየው ዓሣ ብቻ መስሎኝ።»

ጎንበስ ብሎ አየው። አልነካውም።
ከዚያ፣ አሞራ ገደል ሠላሳ ዓመት በረዶ የሸፈነ ሰው፣
ቆጣ ብሎ፣
«ዝጊው እንጂ» አለኝ፣ «ሙቀት ይገባዋል።»